ሽፍታው የሞተባቸው ቦታዎች

«እንዲያው ዘንድሮ የቆቦን ፀሐይ ምን አድርገናት ነው ልጄ? ያሰጣሁት በርበሬ ቀትር ሳይሞላ እፍ ቢሉት የሚበን ሆነ። ማሽላው እንኳ ደህና ነው፤ ወፉ ነው አላስቀምጥ ያለው። ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ላጩህ ብል ጉልበቴ እንቢ አለኝ… በይ ያን በርጩማ ወዲህ አውጭው። እንግዳ በፀሐይ አይቆምም። ቤታችን ጠባብ ቢሆን ጥላችን ሰፊ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ዓሊማ ይህን የተናገረችው ለወንድሟ ልጅ ለሲቲ ነበር፤ ከግራሩ ሥር ግን ሲቲ ብቻ አልነበረችም። ግቢው ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ ጓዶች አሉ፤ ሙቀቱ ፊታቸውን ያቀላው ሁለት የወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች አሉ፤ አንገቱን በመሐረብ የሚጠርግ አንድ መነጽራም አስተርጓሚ አለ። ከሁሉም ፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የዕለቱ አስጎብኚ፣ የፍየል ጠጉር ጎፈሬ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ክንድ ለማይርቅ ሰው በድምፅ ማጉያ እየተናገረ ቆሟል።

ጎፈሬው የፊልም ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ፊልም ሠሪዎች በካሚዮን መጥተው፣ በንጉሡ ዘመን በራያ ቆላ ባላባቱን እንቅልፍ ነስቶ የኖረውን የሽፍታውን የታሂርን ታሪክ ቀርጸው ሄደው ነበር። ታሂር የዓሊማ ወንድም፣ የሲቲ አባት ነው፤ ሲቲ ጡት ሳትጥል ተገደለ። በፊልሙ ታሂርን ሆኖ የሠራው በቁመቱ የተመረጠው ይኸው ሊቀ መንበር ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሲሄዱ ጎፈሬውን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ከላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተማውን በእግር እያዞረ ታሂር የተኮሰበትን፣ ታሂር የወደቀበትን፣ ካሜራው የተተከለበትን ሁሉ ያስጎበኛል። ዛሬም ገና በራፉን ሲያልፍ በማጉያው ለፍፏል፦ የታሂር የልብ ጓደኛ ነበርኩ፣ ጥይት ሳመላልስለት ኖሬአለሁ፣ ከእህቱና ከእኔ በቀር ዋሻውን የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም።

ጉብኝቱ ሁልጊዜ የሚያበቃው ጎሊና ወንዝ ላይ ነበር። ዛሬ ወደ ዓሊማ ቤት የዞረበትን ምክንያት ሲቲ ታውቃለች። ባለፈው ጁምአ ሽማግሌ ልኮ ለልጁ ለከማሉዲን ጠይቋታል። ከማሉዲን ክፉ ልጅ አይደለም፤ በኅብረት ሱቁ ስኳር ሲመዝን የእሷ ቆርቆሮ ላይ ሚዛኑ ትንሽ እንደሚያጋድል ልቧ ያውቃል። በእነሱ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው፦ የወንዱ አባት ከልጅቱ ቤት የቀረበለትን ወተት ከጠጣ ነገሩ አለቀ። ሳይጠጣ ካስቀመጠው ቃሉን አነሳ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም የለም። እንቢታው ከልጅቱ ቤት ከመጣ ግን ሽማግሌው «ለምን?» ይላል፣ ለምን ሲባል ደግሞ መልስ መስጠት ግድ ነው። አክስቷ ሳምንቱን ሙሉ ስታጉተመትም የሰማችው ይህንኑ ነበር፦ «እኛ እንቢ ካልን ለምን ይባላል። ለምን ከተባለ ሰላሁዲን ይሰማል።» ሲቲ ነገሩ አልገባትም ነበር።

ሰላሁዲን ታላቅ ወንድሟ ነው። ሚሊሻ ነውና ክላሹን አንግቶ፣ እንግዶቹን ሊጠብቅ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

ዓሊማ የወተቱን ጮጮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን በመዳፏ ሸፍና፣ ከሲቲ በቀር ማንንም ሳታይ ቀጠለች።

«ደክሟቸዋል፤ ይድከማቸው እንጂ! ከመናኸሪያው ጀምረው በእግር ነው አሉ የዞሩት። እኔ ተወልጄ ያረጀሁባት ቆቦ ስንት ያላየሁት ነገር ኖሯታል ልጄ? ለካ ወንድሜ መናኸሪያው አጠገብ ሞቷል። ከብት ገበያውም ዋርካ ሥር ሞቷል። ጎሊና አሸዋው ላይማ ሁለት ጊዜ ነው የሞተው… የመጀመሪያው ላይ ውሻ አለፈበት ተብሎ። አንድ እናት የወለደችው አራት ጊዜ ሲሞት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ደግሞ ሞኝ፣ አንዴ ብቻ አልቅሼ ተቀመጥኩ።»

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች ብሎ አሳጠረው። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግን ሞያ ነው። ወላሂ ሞያ ነው! ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አጭር ነበር። ጥርሱ ገጣጣ፣ ሲናገር ምላሱ የሚያዝ። እንዲህ ያለ ሰው ለፊልም ይሆናል? ቁመት ያለው፣ ድምፅ ያለው ሰው ተገኘለት። አይ ዕድል! ዕድሜውን ሙሉ አጥሮ ኖሮ ከሞተ በኋላ አንድ ክንድ ጨመረ። ጠጉሩንስ አይተሻል? በዚህ በቆቦ ሙቀት የፍየል ጠጉር ደፍቶ መዋል ወዳጅነት ካልሆነ ምንድር ነው? ፍየሏ ራሷ ማውለቅ ብትችል ቀን ቀን ታወልቀው ነበር።»

ሰላሁዲን ከአጥሩ ሥር ሳቀ። አስጎብኚውም አብሮ ሳቀ፣ ጎፈሬውንም በጣቱ አስተካከለ።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። የድሮ ጅብ ነዋ! የዛሬው በሚያውቁት አገር፣ በሚያውቁት ሰፈር ነው የሚመጣው፤ ቁርበቱንም ራሱ ተሸክሞ፣ እንግዳም አስከትሎ… ስለ ጅብ ነው የማወራሽ የኔ ሸጋ። ዛሬ ንጋት ላይ ከጎብዬ በኩል ሲጮህ አልሰማሽም?

«ፊልሙ ሲሠራ የሆነው ሁሉ ትዝ ይልሻል? ፈረስ ጠፋ ተብሎ ከአፋሮች ግመል የተከራዩ ጊዜ? ሽፍታው ግመሉ ላይ ወጥቶ ‹ወደፊት!› ቢል ግመሉ ወደ አገሩ ተነሳ። ፀሐይ መውጫን ይዞ ሽምጥ! ዞብል ተራራ ሥር ደርሰው ነው የመለሷቸው። ወንድሜ ይህን ያህል የሮጠበት ቀን አላውቅም፤ እሱ ጠላት ሲመጣበት ይቆም ነበር፣ ፊልም አያውቅማ። ፖሊሶቹ ደግሞ በማሽላው መሃል አድፍጠው ሲመጡ፣ ማማ ላይ ያሉት ሴቶች የዝንጀሮ መንጋ መስሏቸው በወንጭፍ ጠጠር አርከፈከፉባቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ፖሊስ ጠጠር ፈርቶ እስከ ሮቢት ፈረጠጠ! ያንን ካሜራው አላነሳውም፤ የሚያምረውን ነገር መቼ ያነሳል? ደሴ ሄደው ፊልሙን ያዩት ሲነግሩን ከቆቦው ሁሉ የቀረው የግመሉ ቂጥ ነው አሉ። የግመሉ ቂጥ ላይ ግን አንድ እግር ይታያል አሉ… የማን እግር መሰለሽ? ታሪክ ውስጥ ሰው የሚገባው በየድርሻው ነው።»

አሁን ጓዶቹም ሳቁ። አስጎብኚው ሳቁን ሳይጨርስ እጁን ወደ ጮጮው ዘረጋ፤ ወተቱን በእንግዶቹ ፊት ጠጥቶ ነገሩን ሊዘጋ ነበር። ዓሊማ እጁን ያላየች መሰለች። ጮጮውን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኛስ ብንሆን ማነው የማይስቅብን? የሰፈራችን አራጌ ፖሊስ ሆኖ ጎረቤቱን ደሳለኝን ገደለው፣ በፊልም። ጥይት በሌለው ባሩድ፣ ድው! ደሳለኝ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እናቱ ግን፣ አፈሙዝ ወደ ልጄ ዞሮ ጮኋል፣ ልጄም መሬት ነክቷል፣ ይኸ ደም ነው አለች። ወንድሞቹ አራጌን ገበያ ላይ ፊት ነሱት። ሟቹ ራሱ… ልብ በይ፣ ሟቹ ራሱ በገዛ ደሙ ተቀይሞ አራጌን ሰላም አልልም አለ! ሽማግሌ ተቀመጠ። ፊልም ሠሪው አያገባኝም ቢል በየት ያልፋል? በግ ገዛ። በጉ ታረደ፣ ገዳይና ሟች ከአንድ ሳህን በሉ፣ ደሙ ደረቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉ የለ? የለም፣ እኔ የማውቀው የወጋው ነው የማይረሳው፤ ቦታውን ሁሉ በጣቱ እያሳየ ያስታውሰዋል… አራጌን ማለቴ ነው።

«እና ያን ቀን ምን አልኩ መሰለሽ? ራያ ለውሸት ደም በግ ያርዳል። ለእውነቱ ግን በግ አይበቃውም። ስለዚህ ነው እኔ ወሬ የማበዛው ልጄ። ብዙ የሚያወራ አፍ አንድም ነገር አይናገርም።»

ሲቲ ቀና አለች። አክስቷ በሳቅ መሃል እንዲህ ያለ ነገር ጣል አድርጋ የምታልፈው በከንቱ እንዳልሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ወንድሟን አየችው። ሰላሁዲን አሁንም በአራጌ በግ እየሳቀ የክላሹን ማንገቻ ይጎትታል።

«ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላስ ይላሉ። ማሩ ላሹን ሲልሰውስ? ስለዚያ የተናገሩት ነገር የለም… በፊልሙ አንድ ሰው ጠፍቶ ሥራው ሊቆም ነበር፣ ትዝ አለሽ? ጠቋሚው። ፖሊሶቹን ወደ ዋሻው የሚመራ። ሌባ ሁን ቢሉት የሚሆን፣ ሬሳ ሁን ቢሉት ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ የሚተኛ ሰው ሁሉ፣ ጠቋሚ ሁን ሲሉት ልጆቼ የጠቋሚ ልጆች ሊባሉ ነው ብሎ ሸሸ። በጨዋታም ቢሆን! ፀሐይ እየሄደች፣ ዳይሬክተሩ ሊያለቅስ ደረሰ… አንድ ደግ ሰው ባይኖር ኖሮ! ጎፈሬውን አውልቆ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ያንንም እኔ ልሁን አለ። ተሻጩም እሱ፣ ሻጩም እሱ። ሁለቱን በአንድ ሆድ መያዝ ቀላል ይመስልሻል? ሆዱ ሰፊ ነው፣ ማሻአላህ።

«ዳይሬክተሩ በሜዳው በኩል ሂድ አለው፤ ካሜራው የሚያየው በዚያ ነዋ። እሱ ግን ከቁልቋሉ ሥር ወደ ግራ ታጠፈ። በተሰነጠቀው ድንጋይ መሃል፣ በዚያች በፍየል መውጫ። ፖሊሶቹ ተከተሉት፣ ካሜራው ባዶ ሜዳ ሲያይ ቀረ። ስንቅ ሳመላልስባት የኖርኩባት መንገድ! እኔ እንኳ እንቅፋት ሲመታኝ፣ እሱን ድንጋይ አልነካውም። ጠባቧ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ለፖሊሶቹ እጁን ዘረጋላቸው። ‹እዚህ ጋ ያዳልጣል› አላቸው። ይታይሽ፣ ለፖሊስ እንኳ ማዘኑ! ጽሑፉ ላይ የለም እኮ። ማን አስተማረው? ተሰጥኦ ነው እንጂ…»

ያን ቀን እጅ ከተዘረጋላቸው የፊልም ፖሊሶች አንዱ ሰላሁዲን ነበር። አሁን አስታውሶ፣ ያ እጅ እንዴት እንደጎተተው በክንዱ ለጓዶቹ እያሳየ በሳቅ ፈነዳ።

አስጎብኚው ግን መሳቁን ትቷል። የድምፅ ማጉያው በእጁ እንደተንጠለጠለ ዓሊማን ማየት ጀመረ። ከጎፈሬው ሥር የወጣ ላብ በጆሮ ግንዱ ላይ ወረደ።

«ከሁሉ የገረመኝን ልንገርሽማ። ታሂር እንዴት ይሙት ተብሎ ሲመከር ነው። ቆቦ የሚያውቀው ጥይቱን ጨርሶ፣ ቁሞ ሲታኮስ መሞቱን ነው። ወንድምሽም ያደገው በዚያ ነው፤ ደግሞስ ጀግና ሌላ ምን ሞት አለው? ያ ሞያተኛ ግን ዳይሬክተሩን ወደ ጎን ወሰደው። እኔ ውሃ ላቀርብ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አሮጊት ደግሞ እንደ እንስራ ናት፣ ማንም አያያትም። ‹ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የአስር ሶላት ላይ ይሁን› አለው። ‹ጠመንጃውን ከድንጋዩ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ሱጁድ ወርዶ፣ ግንባሩ አሸዋ ላይ እንዳለ ይመታል› አለው። ዳይሬክተሩ አቅፎ ሳመው። እንዲህ ያለ ፈጠራ በሕይወቴ አላየሁም አለ! እኔም አላየሁም። ከመሬት ተነስቶ፣ ማንም ሳይነግረው… እንዴት ያለ ፈጠራ!»

ሲቲ «አሸዋ» ስትል ሰምታ ወደ አክስቷ ዞረች።

ሹሩባ ስትሠራት ነበር አክስቷ ያንን የነገረቻት። ታሂርን በበቅሎ ጭነው ሲያመጡት ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ዓሊማ ናት። ለሚያጥቡት ወንዶች ከመስጠቷ በፊት፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን አሸዋ በሻሿ ጫፍ ጠርጋዋለች። ቁሞ ሲታኮስ የሞተ ሰው ግንባሩ ላይ እንዲያ ያለ አሸዋ የለበትም። «በሱጁድ ነው የሄደው» ብላት ነበር። «ይኸ ለወንድ አይነገርም። ወንድ ማን ጠቆመበት ብሎ ይነሳል።» ከአክስቷና ከእሷ በቀር አሸዋውን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። አንድ ሌላ ካለ፣ እሱ ያየው ሲለጠፍ ነው።

አሁን የሳምንቱ ማጉተምተም ሁሉ ገባት። እንቢ ቢሉ ለምን ይባላል፤ ለምን ከተባለ ሰላሁዲን ይሰማል፤ ሰላሁዲን ከሰማ ክላሹ እዚያው ትከሻው ላይ ነው። ከዚያ የከማሉዲን ወንድሞች አሉ፣ ከዚያ የሰላሁዲን ልጆች። ስለዚህ ይኸ ሰው ወተቱን በገዛ እጁ ማስቀመጥ አለበት፤ በእንግዳ ፊት፣ በፈገግታ፣ ማንም ለምን ሳይለው።

«በመጨረሻው ግን አልሆነለትም፤ ከላይ የመጣው ጓድ ሶላት ለአብዮቱ አይመችም አለ። ሲታጠብ ይሙት ተባለ። ጎሊና ደርቋል፣ በበርሜል ውሃ ተጭኖ መጣ። ወንድሜ፣ ዕድሜውን ሙሉ በጥም የኖረ ሰው፣ በበርሜል ውሃ ገላውን ተለቃልቆ ሞተ። እኔ ግን ደስ አለኝ ልጄ። አንዳንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይሠራም።

«ኧረ ወሬዬ ወተቱን ሊያረጋው ነው። እንግዳችን ጠምቶታል፣ ያን ሁሉ ሞት እየዞረ ሲያሳይ ውሎ! በይ ሲቲዬ፣ ተነሽና በእጅሽ አቅርቢለት። የአባትሽ ወዳጅ ነው። ለአባትሽ ወዳጅ የአባትሽን ልጅ እጅ የመሰለ ምን ይቀርብለታል?»

ሲቲ ተነሳች። ጮጮውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አስጎብኚው ሄደች። ወተቱን ዘረጋችለትና በአገሩ ደንብ መሬት መሬት ማየት ሲገባት ቀና ብላ ግንባሩን አየችው። ጎፈሬው ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር። ከሥሩ ግንባሩ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ያላየው ሆኖ ይታይ ነበር።

ተቀበላት። ጮጮው ከከንፈሩ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። በጮጮው ላይ አሻግሮ ሰላሁዲንን አየው። ሰላሁዲን እንደ ቤተ ዘመድ፣ ጠጣ እንጂ በሚል ዓይን ፈገግ ብሎለታል።

አስጎብኚው ወተቱን ሳይቀምስ በርጩማው ላይ አስቀመጠው።

ሲቲ ስለ ከማሉዲን አሰበች። በኅብረት ሱቁ ያ እጅ ከነገ ጀምሮ ለእሷም ልክ ልኩን ይመዝናል። እሱ ምንም አያውቅም፣ መቼም አያውቅም፤ አባቱ ለምን ቃሉን እንዳነሳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላስል ይኖራል። ዓይኗን ግን ከወተቱ ላይ አላነሳችም።

የሰላሁዲን ፈገግታ ጠፋ። ከአጥሩ ተላቆ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ፤ ቤታቸው የተሰደበ መስሎታል። ዓሊማ ፈጥና እጇን አወዛወዘች።

«ተው ልጄ፣ ተው! ፊትህን አታጥቁር። ወተት ለሁሉ ሆድ አይስማማም። የራያ ደንብ ነው፣ ወተቱን ያስቀመጠ ሰው ለምን አይባልም፤ አንተም አትበል፣ እኔም አልልም። ጨዋ ሰው ነው፤ ያልሆነለትን ነገር በጊዜ ያውቃል። ከሱ በፊት ስንቱ በጊዜ ሳያውቅ ቀርቶ… ተወው። እህትህ ገና ሎሚ ናት፣ ባል ታጣለች? በሉ አሁን ልመርቃችሁ።»

አስተርጓሚው ለእንግዶቹ አሮጊቷ ልትመርቃችሁ ነው አላቸው። ከመካከላቸው አንደኛው ካሜራውን አወጣ። ጓዶቹም በአክብሮት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ባርኔጣ ያላደረገው አስጎብኚ ግራ ገብቶት ጎፈሬውን አወለቀ። ዓሊማ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ሁለት መዳፏን ወደ ሰማይ ከፈተች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«በሉ እጃችሁን ዘርጉ፤ እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም። ከሩቅ የመጣችሁትን አላህ በሰላም ከቤታችሁ ያግባችሁ። መንገዳችሁ ጨርቅ ይሁን። አንቱም… ዕድሜዎ ይርዘም፣ ከኔም ይርዘም። በሽታ አይወቅዎ፣ ጥይት አይወቅዎ። ደጅዎ እንግዳ አይጣ። ልጅዎ ደግ ልጅ ነው፣ አላህ ደግ ሚስት ይስጠው፤ ቤቱን ሞቅ፣ ዘሩን በርከት ያድርግለት። ከወዳጅዎም በጀነት ያገናኝዎ፤ እሱም ሳይናፍቅዎ አይቀርም፣ የሚያጫውትዎም ብዙ ይኖረዋል። እስከዚያው ግን፣ በየሶላቱ ወርደው ግንባርዎ አሸዋውን ሲነካ… አላህ ከኋላዎ እንዳንቱ ያለ ወዳጅ ያቁምልዎ። አሚን በሉ።»